ሳጥኑን ሳይከፍቱ

በልጅነቱ ከግድግዳ ማዶ፣ ከጎረቤት ባልና ሚስት የሰማውን ወሬ ግማሹን ረስቶታል። «የቤቱን ካርታ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሽው?» «አዎ።» «ከፍተሽ አየሽ?» «ምን ብዬ አያለሁ! ያስቀመጥኩት እኔው!» ኋላ ሳጥኑ ተከፍቶ ካርታው ሲታጣ የተነሳውን ጩኸት ግን አልረሳም።

ኋላ ፕሮግራመር ሆነ። ያን ዕለት የክሊኒኩ መዝገብ ያዥ የበሽተኞቹን ወፍራም መዝገብ ደረታቸው ላይ አቅፈው ከጀርባው ቆመው ነበር፤ በጃቫ ቋንቋ የጻፈላቸው የበሽተኛ መመዝገቢያ ፕሮግራም ፈተናውን ካለፈ መዝገቡ ሊወገድ ነው።

«አለፈ፣ እማማ! ይኸው አረንጓዴ! ለሙከራ ያስገባኋትን በሽተኛ መዘገበ፤ መልሼ ስጠይቀው ስሟን ከነዕድሜዋ ነገረኝ።»

«የጠየቅኸው መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ነው ወይስ መዝጋቢውን ፕሮግራም ራሱን?»

«ያው ነው እኮ!»

«ያው ከሆነማ፣ ልጄ፣ አጥፍተህ አብራና ጠይቀው።»

ፈገግ እያለ አጠፋው፤ አበራው፤ ጠየቀው። የዳታቤዙ ሰንጠረዥ ባዶ ነበር። ለካ ፕሮግራሙ በሽተኛዋን ዳታቤዙ ዘንድ ሳያደርስ፣ በጭንቅላቱ የያዘውን ነበር ሲያነበንብለት የቆየው። የግድግዳ ማዶው ጩኸት ጆሮው ላይ መጣበት።

«ተመስገን» አሉ እማማ፤ «በሽተኛ ሳይጠፋብን ታወቀ።»

«እሺ፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱን ፈተና አጥፍቼ አብርቼ እጠይቃለሁ» አለ። መዝገቡንም ራሱ ወደ መደርደሪያው ሊመልስ ተስማማ። እማማ ግን ከመስጠታቸው በፊት ከፍተው አዩት።