የቡላው ወገብ

አውራ ጣቶቼን በቡላው ፈረስ ጫንቃ ላይ አሳርፌ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ቁልቁል መውረድ ጀመርሁ። ከጠዋት ወዲህ ሰባተኛው ፈረስ ነው። ጉልበቴ አልቋል፤ ጣቶቼ ደንዝዘዋል፤ ጣሊያኑ ካፒቴን ግን ከጎኔ አልለይ ብሏል።

«አያ ሷሊሕ፣ ደህና አድርገህ ጫነው እንጂ!» አለኝ ዳኛው የሚባለው አስተርጓሚ። «ሐሙስ ሌሊት ከትክል ድንጋይ በላይ ያመለጡት ሁለት ሽፍቶች በአንድ ቡላ ፈረስ ተፈናጥጠው ነው። ሁለት ሰው የተሸከመ ፈረስ ወገቡን ያመዋል ይላል ካፒቴኑ።»

እውነቱን ነው። ሰውዬው ፈረስ ያውቃል፤ ጣጣው እሱ ነው። የማያውቅ ሹም ቢሆን አንዱን ተረት አውርቼለት ይኸኔ ቤቴ ነበርሁ። ሠላሳ ዓመት መተማ እየተመላለስሁ ስነግድ የስንቱን አጋሰስ ገጣባ እንዳከምሁ አገር ያውቃል። እሱን ሰምተው ነው ከጎንደር አዲስ ዓለም ቤቴ ጎትተው ጦር ሰፈሩ ግቢ ያስገቡኝ። ሙያ ደግ ነው የሚል ሰው ይምጣና ይየኝ።

የፈረሱ ባለቤት እናኑ ልጓሙን ይዛ ቆማለች። ከገበያ ስትመለስ ነው የያዟት። «ከእኔ ከሴቲቱ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም» ብላ ምላላቸዋለች። አውቃታለሁ፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ጨው ይገዛኝ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ፋንታሁን አርበኞቹን ተከትሎ ዱር ከገባ ዓመት እንዳለፈውም አውቃለሁ። ዳኛው ይህን አያውቅም።

ጫንቃው ደህና ነው። ኮርቻ የሚያርፍበትም ደህና ነው። ከኮርቻው ኋላ፣ ተፈናጣጭ የሚቀመጥበት ላይ ስደርስ ቆዳው ተርገበገበ፤ ጆሮውን ወደ ኋላ አስተኛ፤ ወገቡ ከጣቴ ሥር ሰረጎደ። ያ ረቢ! እዚህ ቦታ ላይ ሰው ተቀምጧል፤ ያውም ከባድ ሰው፣ ያውም ሩቅ መንገድ።

ካፒቴኑ አየ። አንድ ቃል ተናገረ፤ ዳኛውም መተርጎም አላስፈለገውም። እናኑ ልጓሙን አጥብቃ ያዘች።

«ያመዋል» አልሁ ቶሎ ብዬ። «ማን አያመውም አለ? ጓያ ሰብሮት ነው።»

«ጓያ?»

«ለጌታህ ንገረው። ዘንድሮ ሰውም ከብቱም ጓያ እየበላ ስንቱ ተሰበረ! ጓያ ደግሞ የሚይዘው ከወገብ በታች ነው። ይኸውና!» የፈረሱን ደረት ይዤ ወደ ኋላ ገፋሁት፤ የኋላ እግሮቹ ተንገዳገዱ። ሁለት ሰው የተሸከመ ፈረስም እንዲሁ ነው የሚንገዳገደው፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

ካፒቴኑ ፈረሱን ዞሮ ዞሮ አየውና ዳኛውን ጠየቀ። ዳኛው እዚሁ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ነውና፣ ጓያ እውነትም እግር እንደሚሰብር ነገረው። አላህ ይስጠው፣ ሳያውቅ ደግ ሠራ።

«መድኃኒት አለው ወይ ይላል። ከሌለው በጥይት ይገላገል።»

ጓያ መድኃኒት የለውም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። እናኑ ግን ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላለች።

«በጋለ ብረት ይተኮሳል» አልሁ። አፌ ቀደመኝ።

ካፒቴኑ ፈገግ አለ። «እንግዲያው አሁኑኑ ተኩሰው፤ እንይህ» አስባለኝ። አምኖኝ ይሁን ሊፈትነኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ብረቱ ከሰፈሩ አንጥረኛ ምድጃ ፍም መስሎ መጣ። ደህናው ሥጋ ላይ ላሳርፈው ነበር ሐሳቤ፤ ካፒቴኑ ግን በአለንጋው ጫፍ ያመመውን ቦታ አሳየኝ። ቢስሚላህ ልል ፈልጌ አፈርሁ። ያመመው ላይ አሳረፍሁት፤ አንሥቼም ደገምሁት። ፈረሱ ጮኸ። በመተማ በረሃ ስንት አጋሰስ ሲሞት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጩኸት ግን ሰምቼ አላውቅም። እናኑ ልጓሙን ሳትለቅ «እጅህ ይቆረጥ! እጅህ ይቆረጥ!» እያለች አለቀሰች። ለእነሱ ብላ ይሁን ከልቧ፣ እንጃ። ከልቧም ቢሆን አልፈርድባትም።

«ይዛው ትሂድ» አለ ካፒቴኑ፤ ዳኛውን አስከትሎም ሄደ።

ከግቢው በር ወጥተን ኮርቻውን ሳቀብላት ጠጋ አለችኝ።

«አያ ሷሊሕ፣ መቼ ይጫናል?»

«ምነው፣ አላየሽም እንዴ? አርባ ቀን ማንም እንዳይነካው።»

«ዛሬ ነው የምፈልገው።» ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። «የፋንታሁን ጓደኛ በእግሩ ሄደ። እሱ ግን ጎተራዬ ውስጥ ነው፤ ጭኑን ተመትቶ ቁስሉ ሸቷል። ነገ ቤት ለቤት ሊፈትሹ ነው አሉ።»

«መራመድ አይችልም?»

«አይችልም።»

ድካሙ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሰው ማዳን እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው ያድን፤ እኔ በቃኝ። ይህን እያልሁ ኮርቻውን መልሼ ተቀበልኋት፤ ከሥሩ የሚነጠፈውን ግላስ ደርቤ አጠፍሁና፣ ከተተኮሰው ቦታ እንዲርቅ ከወትሮው አንድ ጋት ወደ ጫንቃው አስጠግቼ ጫንሁት።

«ብቻውን ይቀመጥ። አንቺ በእግርሽ ሳቢው፤ አታስሮጪው» አልኋት።

ከዚያ ዞሬ አንገቱን ዳበስሁት። ይነክሰኛል ብዬ ነበር፤ ቢያንስ ይሸሸኛል። ቡላው ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመልኝ። ቢነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።