የአየርላንዳዊው ሕጋዊ ሚስት

የእናቱ ታላቅ እህት እትዬ ፀዳለ ስድሳ ዓመት ሙሉ በድሬዳዋ ጎረቤት ፊት «የዚያ አየርላንዳዊ ዲቃላ!» ስትለው አንጀቱ እያረረ ኖሯል። አየርላንዳዊው አባቱ እሱ ሳይወለድ አገሩ ገባ፤ እናቱም አንገቷን እንደደፋች ሞተች።

ዛሬ ልጁ ፌቨን የአየርላንዳዊ አያቷን የጥምቀት መዝገብ ከኢንተርኔት አወጣችለት። የዚያ አገር ቄሶች የተጠመቀው ሰው ሲያገባ፣ የትም ያግባ፣ ጋብቻውን ከስሙ ጎን ይጽፉታል። ከስሙ ጎን ጽሑፍ አለ ስትለው፣ እስክታነበው እንኳ ሳይታገስ እየጎተተ አክስቱ ቤት ይዟት ገባ።

«እስቲ አሁን ዲቃላ በዪኝ! እናቴ በተክሊል ያገባች ናት! አንብቢላት፣ ጮክ ብለሽ!»

ፌቨን ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ድሬዳዋ፣ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አገባ ይላል... አባዬ፣ አንተ ከመወለድህ ሁለት ዓመት በፊት ነው።»

«ሰማሽ አይደል? ማንን አገባ? ስሟን ጥሪላት!»

ልጅቷ ቀና ብላ አሮጊቷን አየቻት።

«ወይዘሪት ፀዳለን።»

ሰውየው ስልኩን ነጥቆ ራሱ አየው።

«እኔ የሰደብኩት አንተን ነው» አለች አክስቱ። «እህቴን አንድ ቀን ክፉ ተናግሬያት አውቃለሁ?»