ራውተሩን የቆለፈው ሰው

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ገና በጠዋቱ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ክፍል ምድጃ አድርጎታል። ራሔል ላቧን በእጅጌዋ እየጠረገች ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር ፊት ተቀምጣለች። ከግድግዳው ማዶ ተፈታኞች በማይከፈት ገጽ ላይ አፍጥጠዋል።

ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ ዋናው መስመር ደግሞ ሞቷል። የቀረው፣ ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ እንዲገባበት የተተወ፣ በሲም ካርድ የሚሠራ ቀጭን መስመር ነው። እሱ ፈተና አይሸከምም።

ራሔል የአይሲቲ መምህርት እንጂ የኔትወርክ ሰው አይደለችም። ራውተሩን ያዋቀረው ሙሀሲን የሚባል ቴክኒሻን ነበር። እሱም ባለፈው ወር ከርዕሰ መምህሩ ከአቶ ዳንኤል ጋር ተጣልቶ፣ «ታዩታላችሁ!» ብሎ በሩን ድርግም አድርጎ ዘግቶ ሄዷል።

ዋናውን መስመር ለመመለስ በኮምፒውተሯ ለራውተሩ ትዕዛዝ ጻፈች። «አልተሟላም» አላት ማሽኑ። አሟላችው። አሁን ደግሞ ከቃሉ ሥር ትንሽ ቀስት አስቀመጠ፤ ስህተቱ እዚህ ጋ ነው ማለቱ ነው። ቦታውን ያሳያል እንጂ ምን መጻፍ እንዳለባት ትንፍሽ አይልም። ማሽን ሲገስጽ ለመምህርም አይራራም!

እትዬ ዘምዘም በሩ ላይ ቆመዋል። ልጃቸውን ኑርሃንን ለማስፈተን ከቀወት ነው የመጡት። ኑርሃን አምና በአካባቢው በነበረው ግጭት ምክንያት ሳትፈተን ቀርታለች፤ ዘንድሮም ካመለጣት ሌላ ዕድል እንደሌላት ተነግሯታል።

«ልጄ፣ ኢንሻአላህ ይሠራል በይኝ እስቲ።»

«እየሞከርኩ ነው፣ እትዬ።»

እትዬ ዘምዘም ፊቷን አዩ። ስልካቸውን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ።

ራሔል ስትጽፍ ስታጠፋ ከቆየች በኋላ አዲስ መልእክት መጣባት። «ሌላ ተጠቃሚ እያዋቀረ ስለሆነ ተቆልፏል።» የተጠቃሚውም ስም ከሥሩ አለ፤ ሙሀሲን።

አቶ ዳንኤል ይህን ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። «አላልኩም? ሊበቀለን ነው! አስወጪው!»

አስወጣችው። ተመልሶ ገባ። ደግማ አስወጣችው፤ ደግሞ ገባ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ የማታውቀው ቁጥር ነው። ለስልክ ማን ጊዜ አለው? ገልብጣ አስቀመጠችው። ምን ዓይነት ጨካኝ ነው በልጆች ዕድል የሚጫወት?

«በየት ነው የሚገባው?» አሉ አቶ ዳንኤል።

«በሲሙ መስመር።»

«ዝጊው!»

«እሱን ከዘጋሁ እኮ ከውጭ ሊረዳን የሚችል ሰውም አይገባም።»

«ከውጭ ማን ሊረዳን? ዝጊ አልኩሽ!»

ዘጋችው። ሙሀሲን አልተመለሰም። አቶ ዳንኤል «ተገላገልን» ብለው ተነፈሱ።

ራሔል ትዕዛዙን እንደገና ጻፈች። ቀስቱ መጣ። ቀየረችው፤ አሁንም መጣ። የምትሞክረው ነገር አለቀባት። በመጨረሻ ፈታኙ ብቅ ብሎ ሰዓቱ ማለቁን ተናገረ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ፤ ኑርሃን ግን ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች።

እትዬ ዘምዘም ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወደ ራሔል መጡ።

«ልጄ፣ ሙሀሲን የእህቴ ልጅ ነው፤ ከአጣዬ ሆኖ መስመሩን እንዲጠግንልን ለምኜው፣ ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው አንድ ሰው እየደጋገመ አስወጣኝ ይላል፤ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»