በራፌ ላይ የተከልኩት ዳስ

ቤተ እስራኤል ነኝና እዚህ ጎንደር ሃያ ዓመት "ቡዳ" ስባል ኖሬያለሁ። ጎረቤቴ ጥሩዬማ እኔን ካየች ይበላብኛል ብላ የልጇን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ዘንድሮ ተደብቆ ማክበሩ መረረኝና፣ የዳስ በዓላችንን ዳስ ሳይነጋ በራፌ ላይ ተከልኩ። በአደይ አበባ አስጌጥኩት፤ ቤቴ ገብቼም በሩን ዘጋሁ።

ረፈድ ሲል የብዙ ሰው ኮቴ መጣ። አውቃቸው የለ? ሊያፈርሱብኝ ነው ብዬ ዱላዬን ጨበጥኩ።

"ወይኔ ጎረቤቴን! ብቻውን ሞቶ አደረ!"

የጥሩዬ ድምፅ ነው። ዳሱን ሲያዩ ሞቼ ወገኖቼ የለቅሶ ዳስ የተከሉልኝ መስሏቸዋል።

በሩን ከፈትኩት። ጥሩዬ ልጇን ታቅፋለች፤ ፊቱ ተገልጧል፤ እንባዋ ይወርዳል።

"አለህ እንዴ?" አለኝ የእድሩ ዳኛ።

"አለሁ። በዓሌ ነው።"

"ተመስገን!" አለች ጥሩዬ። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ በዚያው ነጠላ የልጇን ፊት ሸፈነች።