ለፎቅ ቤት የሚሆን ቡችላ

እማማ ፈንታነሽ የድስቱን ክዳን ከሦስቱ ቡችሎች ኋላ ወለሉ ላይ ለቀቁት። ድምፁ ደረጃው ድረስ ተሰማ። አንዱ ቡችላ ሶፋው ሥር ገባና አልወጣም አለ። ሁለተኛው እዚያው ቆሞ ይጮኽ ጀመር። ሦስተኛው፣ ቡናማው፣ ደንግጦ ሸሸና ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ጅራቱን እየቆላ ተመልሶ ክዳኑን አሸተተው።

«በስመ አብ! እማማ፣ ጎረቤት ምን ይለናል?» አለች የልጃቸው ሚስት ርብቃ፣ ስልኳን እንደያዘች።

«ጎረቤትሽ ምንም አይል። ውሻ የሚመረጠው እንዲህ ነው።»

ልጃቸው ሞገስ ቡችሎቹን በካርቶን ያመጣቸው ጧት ነው፤ አንዱ ተመርጦ ሁለቱ ለባለቤታቸው ይመለሳሉ። ርብቃ ለፎቅ ቤት የሚሆነው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከስልኳ ስታነብላቸው አረፈደች። ትንሽ ይሁን። ሰው ይውደድ። ቶሎ ይማር። አይጩህ፣ ቤት አያቆሽሽ፣ ብዙ አይብላ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች፣ አሉ እማማ ፈንታነሽ በሆዳቸው። አገራቸው እብናት ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሻ ያሳደጉ ሴት ናቸው! እርግጥ እዚያ የሚፈለገው ጅብ የሚጋፈጥ እንጂ ሶፋ ላይ የሚተኛ አይደለም። ትናንትም፣ ውሻ የሚያድርበት ቤት ቄስ ገብቶ ጸበል አይረጭም ብለው ሊከራከሩ ነበር፤ ልጄን አላስከፋም ብለው ዋጡት። ዛሬ ደግሞ ምረጡልን ሲባሉ ደስ አላቸው። በዚህ ቤት ምንም ተጠይቀው አያውቁምና።

ወደ ልጃቸው ቤት የመጡት ከፋሲካ ወዲህ ነው። ባላቸው ሲሞቱ ሞገስ ራሱ ለቅሶው ላይ፣ አገር እየሰማ፣ «እናቴ ከእንግዲህ እኔ ጋ ናት» አለ። እሳቸውም ላሞቹን ሸጡ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጡ፣ ቤቱንም ለአራሹ ለቀው ደብረ ታቦር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጡ። ትንሿ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈላቸው። አልጋ ይገዛል ከተባለ ሰነበተ። እማማ ፈንታነሽም ፊት እያዩ ማደር ያዙ፤ ዛሬ ልጄ ኮስተር አለ፣ ዛሬ ምራቴ በሩን ወርውራ ዘጋች እያሉ።

ቡናማውን አንስተው ጭናቸው ላይ በጀርባው አስተኙት። ጥቂት ተወራጨና ረጋ።

«ይኼ ነው» አሉ። «ደንግጦ የሚመለስ ይማራል። ያ ሶፋ ሥር የገባው ፈሪ ነው፣ ፈሪ ደግሞ ይነክሳል። ያኛው ለፍላፊ ሌሊቱን ሙሉ አያስተኛችሁም። ይኼ ግን ክፉ የለበትም፣ የሰው ወዳጅ ነው።»

«ውይ ማማሩ! ተገላገልኩ በቃ» አለች ርብቃ። «ሞገስ ለመስክ ሥራ ሲወጣ እኮ ብቻዬን ነው የምውለው፤ ቤቱ ይጨንቀኛል።»

ብቻዬን! እማማ ፈንታነሽ ከጧት እስከ ማታ እዚያው ከፊቷ ሶፋ ጫፍ ላይ የሚውሉ ሰው ናቸው። አሁንም ዋጡት።

«የት ነው የሚተኛው?» አሉ፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል።

ርብቃ ባሏን አየችው። ሞገስ ባዶውን ካርቶን አንስቶ ማገላበጥ ጀመረ።

«እማ… ትንሿ ክፍል ትበቃዋለች ብለን ነው። አንቺም እኮ ደረጃው ጉልበትሽን ጎዳሽ። አክስቴ አሰለፈች ጋ ብትሆኚ ትጫወታላችሁ። ቅዳሜ ወንዛዬ ወስጄሽ ፍል ውሃውን ትታጠቢያለሽ፣ እሑድ እብናት አደርስሻለሁ።»

«አሰለፈች ራሷ በምራቷ ደጅ ተጠግታ ነው ያለችው።»

የጉና ብርድ በመስኮቱ ይገባል፤ የሚዘጋው ጠፋ። እማማ ፈንታነሽ ለቅሶ ላይ የተናገርከውስ ሊሉ ፈለጉ፣ ቤቴን ለሰው አስለቅቀኸኝ ሊሉ ፈለጉ። በምራታቸው ፊት ልጃቸውን ማዋረድ ሆነባቸውና አፋቸውን ያዙ።

ርብቃ ጨነቃት። «ስሙን እርስዎ ያውጡለት እማማ!» አለች። «መታሰቢያ ይሆነናል።»

በእማማ ፈንታነሽ አገር የውሻ ስም ለውሻው ተብሎ አይወጣም። ፊት ለፊት የማይነገረውን ነገር ውሻው ይሸከመዋል። የሞገስ አባት ድንበራቸውን የገፋውን ጎረቤት አልከሰሱትም፤ ቡችላ አመጡና «ግፉ አይቀርም» አሉት፣ ከዚያ ማታ ማታ በሰውየው ደጅ በኩል እየጮኹ ጠሩት። ሰውየው ክረምቱ ሳይወጣ ሽማግሌ ላከ። ሞገስ ያንን ውሻ ሲጣራ ያደገ ልጅ ነው። ርብቃ የከተማ ልጅ ናት፣ ይህን ከየት ታውቀዋለች?

ሞገስ ቀና አለ። «ተይው እማ፣ ስሙን እኛ…»

«ልጅ አለኝ ብዬ» አሉ እማማ ፈንታነሽ፣ የቡችላውን ጆሮ እያሻሹ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ስሙ ልጅ አለኝ ብዬ ነው።»

«ይረዝማል እንጂ ደስ ይላል! አሁን እኮ የገጠር ስም ነው ፋሽኑ» አለች ርብቃ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እጇን ዘረጋች። «ልጅ አለኝ ብዬ! ና! ና የኔ ቆንጆ!»

ቡችላው ከአሮጊቷ ጭን ወርዶ እየተንደረደረ ሄደና እጇን ላሰ። ገፋ አድርጋው ደግማ ጠራችው፤ ደግሞ መጣ።

«አየህ ሞገስ! ከአሁኑ ስሙን ለመደ። እስቲ አንተም ጥራው!»

ሞገስ ካርቶኑን እንደያዘ ወደ እናቱ አየ። ቡችላው እግሩ ሥር ሄዶ ቁጭ አለ። ሽቅብ እያየው፣ እስኪጠራው ድረስ ጅራቱን ወለሉ ላይ ይመታ ጀመር።