ሰላምታ የማያሳልፈው መድረክ

የሶፍትዌር ማኅበሩ የመወያያ መድረክ ሲመርጥ ሦስት አማራጮች ቀርበው ነበር። ትርሲት የተከራከረችው ለሦስተኛው ነው፤ ከኮድ ጋር የማይገናኘውን ቃል ሁሉ ሳያደርስ ያስቀራል። «ሰላምታ ስናነብ ግማሽ ቀን ይሄዳል» አለች። ሠላሳ ስምንቱም አባላት ተስማሙ።

ዓመት ሳይሞላ ለሥራ ደሴ ሄደች። እዚያው ደሴ ሆኖ በመድረኩ በኩል አብሯት ኮድ የሚጽፈውን ገዛኸኝን ሳትጠይቀው መመለስ ስላልፈለገች ቤቱ ጎራ አለች። ጥቁር ለብሶ፣ ጺሙን አሳድጎ በሩን ከፈተላት።

«ምነው፣ ማን አረፈ?»

«እናቴ። ሁለት ወር ሆናት። ጽፌላችሁ ነበር እኮ።»

ስልኳን አውጥታ ፈለገች። ያን ሰሞን ከእሱ የደረሳት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ጥገናው እስከ ሐሙስ ይቆያል።» ከሥሩ የራሷ መልስ አለ፦ «ችግር የለም፣ ግን ከሐሙስ እንዳያልፍ።»

«ሰላምታ ብቻ የሚያስቀር መስሎኝ ነበር» አለ ገዛኸኝ። «መልስሽን ሳነብ ምን አድርጌያት ነው አልኩ።»

ትርሲት ደጃፉ ላይ እንደቆመች ለአባላቱ ጻፈች፦ «የገዛኸኝ እናት አርፈዋል። ለቅሶ እንድረስ።» ላከችው።

መድረኩ ወዲያው መለሰላት፦ «የሚላክ ጽሑፍ አልተገኘም።»