ዝም ብላ የማትቀመጠው

ሙርሺድ፣ ሰቶ ሰመሮ በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቃቸው ከእንጨት የጠረቧቸውን ትንንሽ ሰዎች፣ የእህታቸው ልጅ ነጅላ ለቴሌግራም ገበያ ፎቶ ታነሳላቸዋለች። የዛሬዎቹ በርጩማ ላይ የተቀመጡ አምስት የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ፊት የላቸውም። «ነፍስ የሚሰጥ አላህ ነው» ይላሉ ሙርሺድ፤ ዓይን ቀርጸው አያውቁም።

ነጅላ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አሰረች። ሁሉም እኩል ጥርት እንዲሉ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባ፣ ብርሃን እንዳያንስ ሁለት ሰከንድ ክፍት አቆየችው። አራቱ የእንጨታቸው ጭረት ሳይቀር ቁልጭ ብለው ወጡ። ዳር ያለችው ትንሿ ልጅ ግን ደበዘዘች። ሦስቴ ብትደግመውም ያው ነው።

«አጎቴ፣ ይቺ ለብቻዋ ትደበዝዛለች። እንዲህ የሚሆነው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው እኮ።»

ሙርሺድ ከሚፍቁት እንጨት ቀና አላሉም። «ሳሊሀን አስቤ ነው የሠራኋት» አሉ፤ አምና የሞተችባቸውን ልጃቸውን። «አላህ ይዘንላትና፣ በሕይወቷም አርፋ አትቀመጥም ነበር።»

ነጅላ መብራት ጨመረችና የሚሮጥ ልጅ በሚነሳበት ፍጥነት አነሳቻት።

አሁን ጥርት ብላ ወጣች። አራቱ እንደ ወትሯቸው ፊት የላቸውም። ሳሊሀ ግን አንገቷን አዙራ፣ ከካሜራው ጀርባ የተቀመጡትን አባቷን በሁለት ዓይኖቿ ታያለች።